አንድ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሕፃን፦ የት ነው የሚታሸው? እስከ መቼስ ይጠበቃል?

ክትባት ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጠይቀው በጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ለምንሠራ ነርሶች እንዲጠቅም ብዬ ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ለክትባት ከሚመጡት ሕፃናት መካከል ሳያለቅሱ አንድ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ፣ ጠዋት ጠዋት ሽፋሽፍታቸው በዓይናር የሚጣበቅ አይጠፉም። የዓይናቸው ነጭ ንጹሕ ነው፤ አልቀላም። የእንባ መውረጃ መዘጋት ነው ብለን «እያሻችሁ ጠብቁ» እንላለን።

ከወር በኋላ ሲመለሱ ግን ለውጥ የለም። እናትየዋን «እስቲ እንዴት እንደምታሺው አሳዪኝ» ስንላት ጣቷን የዓይን ቆቡ ላይ አድርጋ በክብ ታሻለች፤ አንዳንዷ ደግሞ ከአፍንጫ ወደ ዓይን ትጠርጋለች። እኛም በወጉ አላሳየናትም ማለት ነው። ጣት የሚያርፈው በትክክል የት ላይ ነው? በቀን ስንት ጊዜ? ቴትራሳይክሊን ቅባት መስጠት አለብን ወይ? «የእንባ ቧንቧ ነው» ብለን የምናሳልፈው ሌላ በሽታስ አለ?

የዓይን ነርስ፦

ሲስተር፣ ጥፋቱን ራስዎ አግኝተውታል። ቆቡን ማሸት ለተዘጋ ቧንቧ ምንም አያደርግም። ለምን እንደሆነ መንገዱን ካወቁት ለእናትየዋም ማስረዳት ይቀላል።

እንባ የሚመነጨው ከላይ፣ ከዓይን ጉድጓድ ውጨኛ ጥግ ካለው ዕጢ ነው። የሚወርደው ግን በአፍንጫ በኩል ነው። የታችኛውን ቆብ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጫፍ ገልበጥ አድርገው ቢያዩት፣ ከፍ ባለች ነጣ ያለች ቦታ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። በላይኛው ቆብ ላይም እንዲሁ። በአዋቂ ሰው ልክ ብንሄድ ከእያንዳንዷ ቀዳዳ የሚነሳው ቀጭን ቦይ 2 ሚሊሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ይታጠፍና 8 ሚሊሜትር ያህል ወደ አፍንጫ ይሄዳል። በአብዛኛው ሰው የላይኛውና የታችኛው ቦይ ተገናኝተው በአንድ በር ወደ እንባ ከረጢት ይገባሉ። ከረጢቱ የተቀመጠው በአፍንጫ አጥንት ጎን ባለች ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ከሥሩ የሚነሳው ቧንቧ በአጥንት መካከል ወርዶ አፍንጫ ውስጥ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይከፈታል። ስናለቅስ ንፍጥ የሚወርደን በዚሁ መንገድ ነው። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር በቆቡ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ቦዮቹንና ከረጢቱን ጨመቅ ለቀቅ እያደረገ እንባውን ይስበዋል፤ ዝም ብሎ በስበት የሚወርድ አይደለም።

በሕፃናት ላይ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ነው። ቧንቧው ወደ አፍንጫ በሚከፈትበት አፍ ላይ፣ እስከ ልደት መቀደድ የነበረበት ስስ ሽፋን ሳይቀደድ ይቀራል። እንባው ከረጢቱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ይወፍራል፣ ወደ ዓይን ይመለሳል። ዓይናሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ነጩ የማይቀላውም በሽታው ዓይኑ ላይ ስላልሆነ ነው።

ማሸት የምንለው እንግዲህ ማሸት እንኳን አይደለም፤ መግፋት ነው። ጫፉ በስስ ላስቲክ የታሰረ፣ ውኃ የሞላበት ቱቦ ያስቡ። ከላይ በጣት አፍነው ወደ ታች ከገፉት ግፊቱ ላስቲኩን ይቀደዋል። ከላይ ካልታፈነ ግን ውኃው ወደመጣበት ይመለሳል። ክሪግለር የተባለ ሐኪም ይህን ዘዴ በ1923 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ እስከ ዛሬ የተሻለ አልተገኘለትም።

ቦታው እንዲህ ይገኛል። የሕፃኑን የዓይን ውጨኛ ጥግ በቀስታ ወደ ጆሮው ሳብ ሲያደርጉ፣ ከውስጠኛው ጥግ ወደ አፍንጫ የምትሄድ ገመድ መሳይ ጅማት ትዳሰሳለች። ጣት የሚያርፈው እሷ ላይና ወዲያው ከእሷ ሥር፣ አጥንቱ ጠርዝ ላይ ነው። የዓይን ኳስ ላይ ፈጽሞ አይደለም። ጣቱ ሲያርፍ ከሥሩ የሚሰማው ለስላሳ ነገር ከሆነ ወደ ዓይን አልፏል፤ አጥንት መሰማት አለበት።

እናትየዋ እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ ጥፍሯን ትቁረጥ። ለትንሽ ሕፃን ትንሿ ጣት ትመቻለች። መጀመሪያ ቀለል አድርጋ ተጭና የተጠራቀመውን ታውጣ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጥጥ ከውስጥ ጥግ ወደ ውጭ ትጥረግ። አንዱን ጥጥ ለአንድ ጠረጋ፣ ሌላው ዓይን ላይ አይደገምም። ከዚያ ጣቷን ጥጉ ላይ ጠበቅ አድርጋ ትጫንና ሳትለቅ በአፍንጫው ጎን እስከ አፍንጫ ክንፍ ድረስ ወደ ታች ትግፋ። ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን 4 ጊዜ። የጉልበቱ ልክ የራሷ ጥፍር ነው፦ ስትጫን የጥፍሯ ጫፍ ነጣ ማለት አለበት። ካልነጣ አልተጫነችም። ሲጠባ ወይም ሊተኛ ሲል ቢሆን ሕፃኑ አይታገልም። ጡት በምታጠባበት ሰዓት ሁሉ አንድ ዙር ብትለምድ በቀን 4 መሙላት አያስቸግራትም።

እርስዎ አንዴ አሳይተው አይሸኟት። እርስዎ በሕፃኑ ላይ ያሳዩ፣ ከዚያ እሷ ራሷ እርስዎ ፊት ታድርገው። በመጀመሪያው ግፊት ዓይናር ከቀዳዳዋ ብቅ ሲል ሁለታችሁም ታዩታላችሁ፤ ያን ጊዜ ቦታውን አትረሳውም።

መድኃኒት መደብር፦

ቴትራሳይክሊንን በተመለከተ። የ1 በመቶው ቅባት መንገዱን አይከፍትም፤ ተዘግቶ የቆየ እንባ ውስጥ የተባዙትን ጀርሞች ለጊዜው ይቀንሳል እንጂ። ስለዚህ ዓይናሩ ነጣ ያለና ጥቂት ከሆነ ማጠብና መግፋት ብቻ ይበቃል። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ከጠረጉት በኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም ነጩ ከቀላ ለ5 እስከ 7 ቀን ይሰጥና ይቁም። ለወራት ያለማቋረጥ ቅባት የሚቀባ ሕፃን ብዙ ነው፤ ጥቅም የለውም፣ እናትየዋም በቅባቱ ተማምና መግፋቱን ትተወዋለች። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

የእናት ጡት ወተት ዓይን ውስጥ ማለብም መንገዱን አይከፍትም። ኩልማ ጨርሶ አይሁን፤ አንዳንዱ ኩል እርሳስ አለበት።

ብሌን፦

የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ከ10 ሕፃናት በ9ኙ ገደማ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይከፈታል። እኔን የሚያስፈራኝ አሥረኛው አይደለም፤ የሚያስፈራኝ የእንባ ቧንቧ መዘጋት ያልሆነው ነው። ሲስተር የመጨረሻውን ጥያቄ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ።

ከልደት ጀምሮ የሚመጣ ግላውኮማ፣ ማለትም የዓይን ግፊት መጨመር፣ እንባ በማፍሰስ ይጀምራል። «ቧንቧ ነው፣ ይከፈታል» ተብሎ ለ6 ወር ከታሸ ሕፃኑ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። መለየቱ መሣሪያ አይጠይቅም። ቧንቧው የተዘጋበት ሕፃን ዓይናር አለው፣ ብርሃን ግን አያስቸግረውም፤ ዓይኑን ገልጦ ያይዎታል። ግላውኮማ ያለበት ሕፃን ዓይናር የለውም፤ እንባው ንጹሕ ውኃ ነው። ወደ ፀሐይ ስታወጣው ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን የእናቱ ደረት ውስጥ ይቀብራል። እናትየዋን «ከቤት ስታወጪው ዓይኑን ይገልጣል?» ብለው ይጠይቋት፤ ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ትለያለች። ቀጥሎ የዓይኑን ጥቁር ክፍል ስፋት ይመልከቱ። አዲስ በተወለደ ሕፃን ከዳር እስከ ዳር 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዓመት ሳይሞላው 12 ከደረሰ ወይም ከአንዱ ዓይን የሌላው ጎልቶ ሰፋ ካለ፣ ወይም ጥቁሩ ክፍል እንደ ተነፈሰበት መስታወት ደብዘዝ ካለ በዚያው ቀን ሪፈር ይጻፍ። «ዓይኑ ትልቅ ነው፣ ያምራል» የሚባል ሕፃን እንባ ካለው በጣም ያሳስበኛል።

አንድ ትንሽ ምልክት ልጨምር። ቧንቧው ከተዘጋ በዚያ በኩል ያለው አፍንጫ ደረቅ ነው። በግላውኮማ ወይም ዓይን ውስጥ በገባ ነገር ምክንያት የሚፈስ እንባ ግን መንገዱ ክፍት ስለሆነ አፍንጫውንም ያረጥበዋል። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከሌላው ጋር ሲደመር ግን ይረዳል።

በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱም ቆቦች አብጠው ብዙ መግል ከፈሰሰ ደግሞ ይህ ከወሊድ መንገድ የተያዘ ኢንፌክሽን ነው። ጨብጥ ከሆነ በቀናት ውስጥ ጥቁሩን ክፍል ይበሳዋል። ጠብታ ሰጥቶ መሸኘት የለም፤ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ይፈልጋል፣ እናትና አባትም ይታከማሉ።

ክትባት ክፍል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ጥፍር መንጣቱና ስለ ፀሐዩ ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ እንጠቀምበታለን። ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሕፃን ሲወለድ ጀምሮ በውስጠኛው ጥግ ሥር ሰማያዊ መሳይ እብጠት አለው። እሱንም እንግፋው? ደግሞ በ9 ወር ክትባት ሲመጡ ያልተከፈተላቸውን ምን እንበላቸው? ሆስፒታል ስንልክ «ዓይኑን በመርፌ ይወጉታል» ብለው ይፈራሉ።

ብሌን፦

ሰማያዊው እብጠት ከላይም ከታችም ተዘግቶ ያበጠ ከረጢት ነው። ካልሞቀና ካልቀላ በቀስታ መጫን ይቻላል፤ ግን ጤና ጣቢያ ላይ የሚያዝ አይደለም፣ በቀናት ውስጥ የዓይን ሐኪም ይየው። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ በቀላሉ ይመግላል፤ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ሕፃኑ ካተኮሰው ከመጫን ይቆጠቡ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል፣ መድኃኒቱ በደም ሥር ነው። ሁለተኛ፣ እብጠቱ ወደ አፍንጫ ውስጥም ሊገፋ ይችላል። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚተነፍሰው በአፍንጫው ስለሆነ ሲጠባ ያፍነዋል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ሲያለቅስ አፉን ስለሚከፍት ይሻለዋል። ይህን ካዩ ቀጠሮ አይጠበቅም።

እብጠቱ ከጅማቷ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሕፃኑ ሲያለቅስ የሚያድግ ወይም የሚመታ ከሆነ አይንኩት። ከአንጎል ሽፋን የወጣ ሊሆን ይችላል። የከረጢት እብጠት ከጅማቷ በታች ነው።

በ9 ወር ያልተከፈተላቸውን በተመለከተ፦ አገፋፉን እንደገና ይመልከቱ፣ ያርሙ፣ ቀጠሮ ግን ያን ጊዜ ያስይዙ። ወረፋው ሲደርስ ሕፃኑ ዓመት ይሆነዋል፤ መንገዱን በቀጭን ብረት መክፈት በብዙ ቦታ የሚሠራውም በዚያ ዕድሜ ነው። ከዚያ በፊት በራሱ የመከፈት ዕድሉ ገና ሰፊ ነው። እየቆየ በሄደ ቁጥር ግን፣ በተለይ ከ2 እና 3 ዓመት በኋላ፣ በአንድ ጊዜ የመሳካቱ ዕድል እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የ15 ወሩ ክትባት ላይ አሁንም እንባ ያቀረረ ሕፃን ካለ ሪፈር ሳይጻፍለት መውጣት የለበትም።

ለእናቶች በግልጽ ይንገሯቸው፦ የሚወጋ ነገር የለም፣ የዓይን ኳስ አይነካም፣ ቆዳ አይቀደድም። ሕፃኑ በማደንዘዣ ይተኛል። ሐኪሙ የቆቡን ቀዳዳ በማስፊያ ትንሽ ያሰፋና ጫፉ የደነዘዘ ቀጭን ብረት ያስገባል። ብረቱ መጀመሪያ 2 ሚሊሜትር ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ቆቡ ወደ ጆሮ ተወጥሮ ብረቱ አጥንት እስኪነካ ወደ አፍንጫ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ላይ ቀጥ ተደርጎ ይዞርና በቧንቧው ይወርዳል። ሽፋኑ ሲቀደድ «ጠቅ» የሚል ነገር ጣት ላይ ይሰማል። ቆቡ ካልተወጠረ ቦዩ ይሸበሸብና ብረቱ ግድግዳውን ቀድዶ የራሱን መንገድ ያበጃል፤ በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ የሚፈራው ይህ ነው፣ የሚተወው ጠባሳ ከመጀመሪያው መዘጋት ይብሳል። መከፈቱ የሚረጋገጠው ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ ከላይ ገፍቶ ከአፍንጫ በመምጠጥ ነው። ሁሉም በደቂቃዎች ያልቃል።

በተረፈ ብዙ ቀጠሮ የሚሰረዘው በጾም ጉዳይ ነው። ከማደንዘዣ በፊት የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ የላም ወተት፣ የቆርቆሮ ወተትና ምግብ 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል። እናትየዋ ወረፋ ስትጠብቅ ሕፃኑ ሲነጫነጭ ታጠባዋለች፤ ያ ቀን ቀረ ማለት ነው። ሪፈሩን ሲሰጧት ይህን በቃል ይንገሯት። በማግስቱ ከአፍንጫው ወይም ከዓይኑ ደም የተቀላቀለ ፈሳሽ ትንሽ ቢታይ አትደንግጥ።

ካልተሳካ አንድ ጊዜ ይደገማል፤ ወይም ቀጭን የሲሊኮን ክር መሳይ ቱቦ ለወራት ይተውበታል።

ሽፋሽፍት፦

ስለ ሕፃናት በቂ ተባለ። ሕፃኑን አቅፋ የመጣችው አያትስ? እሷም ዓይኗ ያነባል፤ ምች ነው ተብላ ዳማከሴ ሲታሽባት ከርሟል። ስለ አዋቂ ሰው ጥቂት ልበል።

በአዋቂ ሰው ቧንቧውን ከመጠርጠር በፊት ሽፋሽፍቱን ይዩ። ትራኮማ ባለበት አካባቢ፣ በአገራችን ደግሞ ብዙ ቦታ አለ፣ የዓይን ማዝ ቆቡን አኮማትሮ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ፀጉሩ ጥቁሩን ክፍል በፋቀ ቁጥር እንባ ይመጣል። መንገዱ ክፍት ነው፤ የሚመነጨው በዛ እንጂ። እንዲህ ላለው ሰው የሚያስፈልገው የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቧንቧ ማጠብ አይጠቅመውም። ስለዚህ በባትሪ እያበሩ ከሥር ወደ ላይ ሲያዩ አንድም ፀጉር ቢሆን ኳሱን ይነካ እንደሆነ ያጣሩ። በእርጅና ቆቡ ላልቶ ወደ ውጭ ከተገለበጠም ቀዳዳዋ እንባው ውስጥ መዘፈቅ ሲገባት ሰማይ ታያለች፤ ይፈሳል።

ሽፋሽፍቱና ቆቡ ደኅና ከሆኑ ጣትዎን ያው ለሕፃኑ ባልነው ቦታ ላይ አሳርፈው ይጫኑ። መግል ወይም ዝልግልግ ነገር ከቀዳዳዋ ከወጣ ቧንቧው ተዘግቶ ከረጢቱ መግሏል። ይህች የ5 ሰከንድ ምርመራ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ለሁሉም ሰው መደረግ አለባት። የመገለ ከረጢት እያለ ዓይን ከተከፈተ ጀርሙ ውስጥ ይገባል፤ የተሠራው ዓይን በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። እኔ ለዚህ ጉዳይ ቸልታ አልወድም።

መግል ካልወጣ በማጠብ ይለያል። የማደንዘዣ ጠብታ፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በጨው ውኃ፣ ጫፉ የደነዘዘ የእንባ ቀዳዳ መርፌ። ቆቡን ወጥረው በታችኛዋ ቀዳዳ ያስገቡና በቀስታ ይግፉ። ታካሚው «ጉሮሮዬ ጨው ጨው አለኝ» ካለ ክፍት ነው። ውኃው በዚያችው ቀዳዳ ከተመለሰ የተዘጋው ያው የታችኛው ቦይ ነው። በላይኛዋ ከወጣ መዘጋቱ ሁለቱ ቦዮች ከተገናኙበት ወዲያ ነው፤ ዝልግልግ ነገር አብሮት ከወጣ ደግሞ ከከረጢቱ በታች። መርፌው ሲገባ መጨረሻው አጥንት ከሆነ እስከ ከረጢቱ ደርሰዋል ማለት ነው፤ እንደ ስፖንጅ ከመለሰዎት ግን ቦዩ ላይ ተዘግቷል፣ አይጋፉት።

የአዋቂ ቧንቧ በጣት ግፊት አይከፈትም፤ ስስ ሽፋን ሳይሆን ጠባሳ ነው የዘጋው። ሕክምናው ዲሲአር የሚባለው ነው። በከረጢቱና በአፍንጫው መካከል ያለው አጥንት በ1.5 ሴንቲሜትር ገደማ ይከፈትና ከረጢቱ በቀጥታ ከአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን ጋር ይገናኛል፤ ቧንቧው ተዘልሎ ይታለፋል ማለት ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ቶቲ በ1904 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሐሳብ ነው፤ ዛሬም ከቆዳ በኩል ወይም በአፍንጫ በኩል በመሣሪያ ይሠራል። ዳግማዊ ምኒልክን፣ ጎንደርንና ጅማን የመሳሰሉ የዓይን ሐኪም የሚያሠለጥኑ ማዕከላት ዘንድ መጠየቅ ነው።

ከረጢቱ በድንገት ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ ከመጣ ያን ዕለት ማጠብም ብረት ማስገባትም የለም። ሞቅ ያለ ጨርቅ፣ አሞክሲሲሊን ክላቩላኔት ለ7 እስከ 10 ቀን፣ ሲበርድ ወደ ቀዶ ሕክምና ይላካል። እንባው ደም ካለበት ወይም ከጅማቷ በላይ ጠንካራ እብጠት ከተዳሰሰ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ሪፈር ይጻፍ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ለወራት «ዓይን ማዝ ነው» እየተባለ በአንድ ዓይን ብቻ የሚመለስ መቅላት ካለ ቀዳዳዋን ይዩ። አብጣ አፏን እንደ ሹል ከንፈር ካወጣች፣ ስትጨመቅ ቢጫ ፍርፋሪ ከሰጠች፣ ቦዩ ውስጥ ጠጠር መሳይ ነገር የሚሠራ ጀርም ገብቷል። ፍርፋሪው ተጠርጎ ካልወጣ ምንም ዓይነት ጠብታ አያድነውም።

የዓይን ነርስ፦

«ሽፋሽፍት» ባነሳው ሐሳብ ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። በእንጨት፣ በሽቦ ወይም በቀንድ ተወግቶ ቆቡ ከቀዳዳዋ ወደ አፍንጫ ባለው በኩል የተቀደደ ልጅ ከመጣ ጤና ጣቢያ ላይ አትስፉት። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ቦዩ ተቆርጦ ይሆናል። በንጹሕ ጨው ውኃ ይታጠብ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ ይታይ፣ ይሸፈን፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ቦዩን በቱቦ ላይ መስፋት የሚችል ቦታ ይድረስ። ቆዳው ብቻ ከተሰፋ ቦዩ በጠባሳ ይዘጋል፤ በኋላ ማስተካከሉ ከባድ ነው።

ክትባት ክፍል፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሁለቱም ዓይኑ የሚያነባ ሕፃንስ? እና ዓይናሩ ጠፍቶ እንባው ብቻ ከቀረ መግፋቱን እናቁም?

የዓይን ነርስ፦

ሁለቱም ሊዘጉ ይችላሉ፤ ሁለቱንም ትገፋለች፣ በመካከል ግን እጇን ትታጠብ። ሁለቱም ሲያነቡ ግን መጀመሪያ «ብሌን» የጠቀሰውን የፀሐዩን ጥያቄ ይጠይቁ፣ ስፋቱንም ይለኩ። ዓይናሩ ጠፍቶ እንባው ከቀረ አታቁሙ፤ የጀርሙ ብዛት ቀነሰ እንጂ ሽፋኑ ገና አልተቀደደም። የሚቆመው ሕፃኑ ሳያለቅስ ዓይኑ ለ2 ሳምንት ያህል ደርቆ ሲከርም ነው። ጉንፋን ሲይዘው ለጥቂት ቀን ቢመለስ የአፍንጫው ውስጥ ስላበጠ ነው፤ ጉንፋኑ ሲለቀው ይደርቃል።